ግንዱ እስኪለያይ

የመጋዘኛው ሚስት የቀሚሷን ጠርዝ ቀበቶዋ ውስጥ ሸጉጣ ድልድዩን በሩጫ አቋረጠች። ከማለዳ ጀምሮ ይህ አራተኛዋ ነው። በወዲህኛው ጫፍ ላባውን በባርኔጣው ቀኝ የሰካ ዘበኛ ቆሟል፤ በወዲያኛው ጫፍ ላባውን በግራ የሰካ። ሌላው ሁሉ፣ ከጦሩ ዘንግ እስከ ጫማው ጠፍር፣ ቁርጥ አንድ ነው። ባለፈች ቁጥር ሁለቱም "ዛሬ ነው የመጨረሻው ቀን፣ እመቤት" ይሏታል፤ ቀኑ የጠፋባት ይመስል። በአራተኛው ላይ መልስ መስጠቷን ተወችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ንጉሥ ልጅ ሳይተካ ሞተና ሁለት የወንድሞቹ ልጆች ወንዙን ድንበር አድርገው አገሩን በውል ተካፈሉት፤ ምሥራቁ ለአንዱ ልዑል፣ ምዕራቡ ለሌላው። ገበሬው ባለበት ቀረ፤ ከተኛበት ሳይነሳ አዲስ ጌታ አገኘ። ጌታው ያልተቆረጠለት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በምሥራቁ ዳር ከድልድዩ እግር ሥር ያለው የንጉሡ የእንጨት ግቢ። ግንድ በመጋዝ የሚሰነጥቁት መጋዘኞችና አናጢዎቹ የንጉሡ የራሱ ሰዎች ስለነበሩ ውሉ ላይ ለብቻቸው አንቀጽ ተጻፈላቸው። ግቢው ይፈርሳል። እያንዳንዱ አባወራ በአርባ ቀን ውስጥ ከሁለቱ አገሮች አንዱን መርጦ፣ በዚያው ዳር ከተተከለው ድንኳን በአካል ቀርቦ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ድልድዩ ይዘጋል፤ ወደዚያም ወደዚህም የሚሻገር የለም።

የመዝጊያው ሰዓት የተወሰነው ደግሞ በግንድ ነው። ከንጉሡ ደን የወረደው የመጨረሻው ትልቅ ግንድ ግቢው ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ልዑላኑ እሱንም እኩል ሊካፈሉት ፈለጉ፤ ለየድንበር በራቸው ግማሽ ግማሽ። "ግንዱ ለሁለት እስኪለያይ መዝገቡ ክፍት ነው፤ ሲለያይ ይታሸጋል" ይላል ውሉ። ግንዱን ከአናቱ እስከ ግርጌው የሚሰነጥቁት ባሏና የባሏ ወንድም ነበሩ። በአርባኛው ቀን ጠዋት ያልተሰነጠቀው ሦስት ክንድ ያህል ብቻ ነበር፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን የት እንደሚኖሩ ገና አልወሰኑም።

ሰው "ላዩ" እና "ታቹ" ይላቸዋል። ታላቅየው ግንዱ ላይ ቆሞ የመጋዙን የላይ እጀታ ይይዛል፤ ታናሽየው ግንዱ ሥር ከተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የታቹን። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠርተዋል። እሷ ስታገባ ታናሽየው ገና ጢም አላበቀለም ነበር፤ ካልሲውን የምትሠራለት፣ ትኩሳቱን የምታስታምም እሷ ነበረች። እስካሁንም ማዕዱ ከእሷ ማዕድ አልተለየም። ሆኖም ማደሪያው ለብቻው በመሆኑ በሕጉ ፊት ራሱን የቻለ አባወራ ነው። ስለዚህ ሁለት አባወራ፣ ሁለት ምርጫ። ሁለቱ በአንድ ዳር ካልዋሉ መጋዙ ለሁለቱም ተራ ብረት ነው፤ እሷም ያሳደገችውን ሰው ዳግመኛ አታየውም።

ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ጠየቀቻቸው። ባሏን ስትጠይቀው "እሱ እንዳለ" ይላል፤ ወንድሙን ስትጠይቀው "ጋሼ እንዳለ" ይላል። አንድ ማታ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጣ ጠየቀቻቸውና ሁለቱም ሰሐናቸውን ሲያዩ አመሹ። እነዚህ ሰዎች የመጨረሻዋን ቁራሽ ዳቦ እንኳ አንዱ ለሌላው ሲተውለት እያደረች የምትደርቅባቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያቺን ደረቅ ቁራሽ የበላችው እሷ ነች፤ ቁራሿን እንደምንም ቻለችው፣ አገር ሲሆን ግን ቆሽቷ አረረ።

ስለዚህ ማወዳደሩን ለራሷ ወሰደችው። የሚሻለው አገር ከታወቀ፣ ሁለቱም "እሺ" ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አላቸው? እግሯ እስኪነቃ ተመላለሰች። ምሥራቆች ሊሰጧቸው ያሰቡትን ቤት አየች፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ ወደ ደቡብ የሚከፈት መስኮት። ምዕራቦች ያዘጋጁትን አየች፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ መስኮቱም ወደ ደቡብ። ከበሩ እስከ ውኃ ጉድጓዱ ድረስ ቆጠረች፤ በምሥራቅ መቶ አሥር እርምጃ፣ በምዕራብ መቶ አሥራ ሁለት። የምዕራቡን በሁለተኛው ቀን ረዘም አድርጋ ብትራመደው እሱም መቶ አሥር ሆነ። ልዩነት አገኘሁ ብላ የተደሰተችው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ የምሥራቁ ሹም ክፉ ሳል ነበረበት። በማግስቱ ምዕራብ ስትሄድ የምዕራቡም ያስላል።

ዛሬ በአራተኛው ጉዞዋ ወደ ምዕራቡ ድንኳን የገባችው ዝናብ ሲመጣ የሚሰጣቸው ቤት ጣራ ያፈስ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። ጸሐፊው ብዕሩን ከቀለም ቀንዱ አውጥቶ አራገፈና ልዑሉ ሕዝባቸውን እንደ ልጆቻቸው እንደሚወዱ ነገራት። እሷ የጠየቀችው ስለ ጣራው እንደሆነ አስታወሰችው። ጸሐፊውም ፍቅራቸው ጣራውንም እንደሚጨምር አረጋገጠላት። ከዚያ ወጥታ፣ በንዴት የምትረግጠው የድልድዩ ሳንቃ እየጮኸ ተመልሳ፣ ከግቢው ደጃፍ ያለው የምሥራቁ ድንኳን ገባችና ያንኑ ጠየቀች። የምሥራቁ ጸሐፊ ብዕሩን አራገፈ። ከአፉ የሚወጣውን ቀድማው ጨረሰችለትና ወጣች።

ግቢው ውስጥ ስትገባ መጋዙ ቆሞ ነበር፤ የምሳ ሰዓት ነው። ባሏ ግንዱ ጥግ ተቀምጦ የመጋዙን ጥርስ በሞረድ ይስላል። ላብና ሰጋቱራ ፊቱ ላይ ተለጥፎ ቅንድቡ አይታይም። ስታየው አሳዘናት፤ እንዳዘነችለት ስታውቅ ደግሞ የባሰ ተናደደች። አንድ የቀራት ነገር ነበር፤ እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችው።

እሷ እንዳስተዋለችው ከሆነ ሁለቱም የልባቸውን ደብቀዋል እንጂ ምርጫ አላቸው። ታናሽየው በዚህ ወር ሦስት ጊዜ ምዕራብ ተሻግሮ ገመድ ገዝቷል። ገመድ እየሠራች የምትሸጠው ሴት ገና ያላረጀች፣ ባሏ የሞተባት፣ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ የምትጥል ናት። ሦስት ጥቅል ገመድ ለምን ሥራ? ባሏ ደግሞ የምዕራቡን ቤት ሊያይ በሄደ ቀን ከበሩ ፊት ያሉትን ሦስት ደረጃዎች ሲወጣ ጉልበቱን ይዟል፤ የምሥራቁ ቤት ደረጃ የለውም። አንዱ ምዕራብ፣ አንዱ ምሥራቅ። የአንዱን ለሌላው ብነግር ይከራከራሉ፣ ቢከራከሩም ይለይላቸዋል፣ ብላ አሰበች። ሃያ ዓመት የመጋዘኛ ሚስት ሆና የኖረች ሴት እንዲህ ማሰብ አልነበረባትም። ድካም ግን ሰውን የሚያውቀውን ያስረሳዋል።

"የወንድምህ ልብ ምዕራብ ነው" አለችው ባሏን። "የገመድ ሠሪዋ ነገር ነው። አፍ አውጥቶ አይነግርህም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።"

ባሏ ሞረዱን አቆመ። "እንዲያ ነው?" አለ። ጠበቀችው፤ "የለም፣ እኔ ምሥራቅ ነው የምፈልገው" እንዲላት ጠበቀችው። እሱ ግን የሚቀጥለውን ጥርስ መሳል ጀመረ።

ታናሽየውን ወንዙ ዳር ፊቱን ሲታጠብ አገኘችው። የወንድሙን ጉልበት፣ የምዕራቡን ደረጃ፣ ምሥራቅ እንደሚሻለው ነገረችው። "እሱ ለአንተ ሲል ነው የማይናገረው። ሂድና አነጋግረው" አለችው። እሱም በእርጥብ እጁ ፊቱን ጠርጎ "እሺ፣ እትዬ" አላት። እሺ ሲላት ደስ አላት። ሰሐኑን ልታጥብ ስትሄድ ባሏ ከግቢው ወጥቶ ሲሄድ አየችው፤ ታናሽየው ደግሞ ከወንዙ ዳር ጠፍቷል። የሆነ ጥላ ሥር ሆነው እየተነጋገሩ ነው ብላ ገመተች። ሰሐኑን ሆን ብላ ቀስ ብላ አጠበች።

ከምሳ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ላዩ ወደ ላይ ይስባል፣ ታቹ ወደ ታች ይስባል፣ ሰጋቱራው ጉድጓዱ ውስጥ ይዘንባል። እሷም እንደ ወትሮዋ ከኋላ ከኋላ ሆና ከስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ በመዶሻ ትመታለች፤ ሽብልቅ ካልገባበት ግንዱ ተመልሶ ይገጥምና መጋዙን ይነክሳል። ሁለቱም ቀለል ያላቸው ይመስላሉ። ባሏ በሥራ ላይ አፏጭቶ አያውቅም፤ አሁን ያፏጫል። ተነጋገሩ፣ ተስማሙ፣ ማለት ነው። የት እንደወሰኑ ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው። መጋዝ ሲንቀሳቀስ አይወራም፤ ከታች ያለው አፉን ከከፈተ ሰጋቱራ ነው የሚውጠው።

አንድ ክንድ ሲቀር ሁለቱ ጸሐፊዎች መጡ፤ አንዱ ከደጃፉ ድንኳን፣ አንዱ ከድልድዩ ማዶ። እያንዳንዳቸው የግማሽ ግንዳቸውን ሊረከቡ፣ የሰዎቻቸውንም ዝርዝር ሊያነቡ ነው የመጡት። ከግንዱ እኩል ርቀት ላይ ቆመው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከዚያም የግቢውን ሰው እየጠሩ ማን ወደየት እንደሚሰለፍ መናገር ጀመሩ። አናጢው ምሥራቅ። ሙጫ ሠሪው ምዕራብ። ሁለቱ በርሜል ሠሪዎች ምዕራብ። የመጋዘኛው ሚስት በአንድ ጆሮዋ እየሰማች ሽብልቋን ትመታ ነበር።

"የታች መጋዘኛ" አለ የምሥራቁ ጸሐፊ፣ "ብቻውን። ዛሬ በምሳ ሰዓት የተመዘገበ።"

ምሥራቅ! ተገላገልኩ ብላ ትንፋሿን አወጣች። የገመድ ሠሪዋ ነገር አሳዘናት፤ ቢሆንም ተገላገለች።

"የላይ መጋዘኛ" አለ የምዕራቡ ጸሐፊ፣ "ከነሚስቱ። ዛሬ በምሳ ሰዓት የተመዘገበ።"

መዶሻው በእጇ ላይ እንዳለ ቀረ። ባሏ ማፏጨቱን አቆመ፤ እጆቹ ግን ልማድ ሆኖባቸው አንድ ጊዜ ሳቡ፣ ሁለት ጊዜ ሳቡ። ታች ያለው ምንም አልሰማም፤ ጆሮው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

ያን ጊዜ ገባት። መጋዝ አይገፋም። የሚገፋው ሰው ብረቱን ያጣምመዋል፤ ይህንን በመጀመሪያው ቀን ይማሩታል። የራስህን ትስባለህ፣ የሌላው ስበት እጅህ ላይ ሲሰማህ ወዲያው ትለቃለህ። እነዚህ ሁለቱ በአገሩ የተመሰገኑት በመልቀቅ ነው፤ መጋዛቸው አንድ ቀን ተጣሞ አያውቅም። እሷ ሄዳ ለእያንዳንዳቸው ሌላው ወዴት እንደሚስብ ነገረቻቸው። ሁለቱም ለቀቁ። ማን ከማን ጋር ሊከራከር ኖሯል? ራሷን በመዶሻው ብትመታ ወደደች፤ ከራሷ በፊት ግን እነሱን።

መዶሻዋን ወደ ጎን አዙራ ሽብልቁን ከወዲህ መታችው፣ ከወዲያ መታችው፣ ነቀለችው። ከዚያ ሁለተኛውን ነቀለች። ግንዱ አቃስቶ ገጠመና መጋዙ ባለበት ደረቀ። ከታች አንድ ጊዜ ተሳበ፤ አልነቃነቅ አለ።

"እመቤት፣ ሥራ አያስቁሙ" አለ የምሥራቁ ጸሐፊ።

"እመቤት፣ ሥራ አያስቁሙ" አለ የምዕራቡ።

"ውሉ ግንዱ ሲለያይ ነው የሚለው፣ ጌቶቼ" አለች። "አልተለያየም። ካልተለያየ መዝገባችሁ አልታሸገም።"

ጸሐፊዎቹ ተያዩ። ሁለቱም ከብብታቸው የውሉን ግልባጭ አወጡ፣ ሁለቱም በጣታቸው መስመሩን ተከትለው አነበቡ፣ ሁለቱም ቅር እያላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ነበረች።

ወደ ባሏ ዞረች። "ምዕራብ ምን ልትሠራ ሄድክ?"

"እሱ ፈልጎ ነዋ" አለ ባሏ። ፊቱ አመድ መስሏል። "አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ?"

ጎንበስ ብላ ጉድጓዱ ውስጥ ጮኸች። ታናሽየው የጆሮውን ጨርቅ ፈትቶ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኖቹ ብቻ ከሰጋቱራው ውስጥ ያበራሉ። ወንድሙ ምዕራብ መመዝገቡን ስትነግረው የመጋዙን እጀታ ለቀቀ።

"ምሥራቅ ይሻለዋል አላልሽኝም፣ እትዬ?" አለ። "በጉልበቱ ምክንያት?"

"ስለ ጉልበቴ ማን ነገረሽ?" አለ ባሏ ከላይ። "ደረጃ ኖረም አልኖረም ያመኛል።"

"ገመድ ሠሪዋስ?" አለች ወደ ታች።

"ገመዷ ጥሩ ነው" አለ ታናሽየው ግራ ገብቶት። "አይበጠስም።"

ከዚህ በላይ መታገስ አልቻለችም። አርባ ቀን ሙሉ የዋጠችውን ሁሉ አወጣችው። ድልድዩን ስንት ጊዜ እንደተሻገረች፣ የስንቱን ጸሐፊ ስብከት እንደሰማች፣ እርምጃ ስትቆጥር ሰው እንደሳቀባት፣ እነሱ ግን አንዲት ቃል ላለመተንፈስ ምላሳቸውን ውጠው እንደከረሙ ነገረቻቸው። ሰው ወንድሙን ከወደደ ይነግረዋል እንጂ ወንዝ ተሻግሮ ይጠፋል? አናጢውና በርሜል ሠሪዎቹ ዕቃቸውን ተሸክመው እንደቆሙ ይሰሙ ነበር፤ ደንታም አልሰጣት።

"አሁን እውነቱን ንገሩኝ" አለች ስትጨርስ። "ማን የት ይፈልጋል?"

"እሱ ባለበት" አለ ላዩ።

"ጋሼ ባለበት" አለ ታቹ።

"ከዚያ ውጪ?"

ሁለቱም አሰቡ። ከዚያ ውጪ ምንም አልነበራቸውም። አገሮቹ ለእነሱ ያው ነበሩ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ያው ነበሩ። የመረጠላቸው ቢኖር ኖሮ ዕቃቸውን ተሸክመው ይከተሉት ነበር።

ባሏ ከግንዱ ላይ ወረደ። ከፊቱ ላይ ሰጋቱራውን በክንዱ ጠረገና መጀመሪያ ባያት ቀን እንደነበረው ባለ ዓይናፋርነት አያት። "አንቺስ?" አለ። "አንቺ የት ትፈልጊያለሽ?"

በአርባ ቀን ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ከሁሉ በላይ የምታውቅ እሷ ነች። ምድጃዎቹን፣ መስኮቶቹን፣ ጉድጓዶቹን፣ የሹሞቹን ሳል ሳይቀር በቃሏ ትላቸዋለች። አፏን ከፍታ የምታውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ መዘነችው፤ አንዱ ከሌላው አንዲት ቅንጣት አልከበደም። ከንዴት የመጣ እንባ ዓይኗን ሞላው።

"ምሥራቅ" አለች።

"ምሥራቅ ምን አለ?"

"ምንም የለም። ይቀርባል። እግሬ አብጧል።"

ባሏ ወደ እግሮቿ አየ። አርባ ቀን አላያቸውም ነበር፤ ጫማዋን ከሁለት ቀን በፊት በጎን በኩል ቀዳዋለች። አንዳች ነገር ሊል ብሎ ተወው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ስሙን ከምዕራቡ መዝገብ ሊያስፍቅ ወደ ድልድዩ ዞረ። የምዕራቡ ጸሐፊ ስለ ልዑሉ ቅሬታ እየነገረው አብሮት ሄደ። ባሏም ጉልበቱ እንደሚያመው ሰው አልሄደም፤ ሮጠ ማለት ይቻላል።

ትንፋሿ ገና ሳይመለስ ከጉድጓዱ ድምፅ ሰማች።

"እትዬ" አለ ታናሽየው። "ጋሼ ለእኔ ብሎ እንዳይሆን እኮ። ይሄኔ የምዕራቡን ቤት ወዶት ይሆናል። እኔ ብለውጥስ? ለእኔ ምንም አይደለም። ሮጬ ልድረስበት።" የመሰላሉ የመጀመሪያ መወጣጫ ከሥሩ ጮኸ።

የመጋዘኛው ሚስት ሽብልቆቹን ጥላ መሰላሉን በሁለት እጇ ጨመደደችው። ከታች "እትዬ፣ ኧረ ቆይ" ይላታል። መሰላሉን ነቅላ እየጎተተች ከጉድጓዱ አወጣችው፣ ግንዱ ላይ ተቀመጠች፣ መሰላሉን ጭኗ ላይ አጋደመችና ባሏ ከድልድዩ እስኪመለስ ድረስ ለማንም መልስ አልሰጠችም።